ከደወሉ በፊትና ከደወሉ በኋላ ስላለው የወላጆች ተግባር

ትምህርት ቤት መሥራት፥ መምህር መቅጠርና መጽሐፍ ማሳተም የመንግሥት ተግባር መሆኑ የታወቀ ነው። ልጅን በሰዓቱ አስተኝቶ በሰዓቱ ማስነሣት፥ አጥቦና አብልቶ ወደ ትምህርት ቤት መስደድ፥ ማታም ሲመለስ የዋለበትን ትምህርት መጠየቅ ግን የወላጅ ተግባር ነው። ከሁለቱ የፊተኛው በገንዘብና በትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል፤ የኋለኛው ግን በየቤቱና በየዕለቱ ካልተሠራ በቀር፥ በምትኩ ሊሠራው የሚችል ሹምም ሆነ መምህር አይገኝም። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ከተማ፥ እንዲሁም በሂርና፥ በገለምሶ፥ በበዴሳ፥ በመቻራ፥ በአሰቦትና በሚኤሶ ለሚኖሩ ወላጆች ይህ ተግባር ከብዙ ስፍራ ይልቅ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት ስላለው፥ ምክንያቱን መርምሮ መፍትሔውን መፈለግ ያስፈልጋል።

የጨርጨር ደጋ ገበሬ ማሽላና በቆሎ ለጓዳው ይዘራል። ጨውና ልብስ፥ ደብተርና መድኃኒት የሚገዛበትን ገንዘብ ግን ከቡናና ከከብት፥ ይልቁንም ከጫት ያገኛል። ቡና ተለቅሞና ደርቆ ዋጋ እስኪወጣለት ድረስ በጆንያ ሊቈይ ይችላል። ጫት ግን ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ የሚጠወልግ ቅጠል ነው፤ የጠወለገውንም በደኅና ዋጋ የሚገዛ አይገኝም። ስለዚህ ሌሊቱ ሳይነጋ መለቀም፥ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ መታሰርና መኪናው ሳይሄድ ከገበያ መድረስ አለበት። በዚያ ሰዓት የሕፃን እጅ እንኳ እንደ አንድ ሠራተኛ ይቈጠራል። የትምህርት ቤቱም ደወል የሚደወለው በዚያው ጧት ነው። እንግዲህ ገበያውና ደወሉ ልጁን በአንድ ጊዜ ይጠሩታል፤ ገበያው ዋጋውን የሚከፍለው ዛሬ ነው፥ ትምህርት ቤቱ ግን የሚከፍለው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለ ዕለት እንጀራው የሚጨነቅ አባት ልጁን ወደ የትኛው እንደሚልክ መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ያለውን አባት ትምህርት ጠልቶ ነው ብሎ በስብሰባ ላይ መዝለፍ የአንዳንድ ሹማምንት ልማድ ነው፤ ዘለፋው ግን እውነት የለበትም። ትምህርት የጠላ ሰው ቢሆን ኖሮ በመስከረም ልጁን ይዞ ለማስመዝገብ ባልመጣ ነበር። መዝገቡ በመስከረም ይሞላል፤ መቀመጫው ባዶ የሚሆነው በኋላ ነው። ልጁ አስቀድሞ አንድ ጧት ይቀራል፤ ቀጥሎ የገበያ ቀን በደረሰ ቍጥር ይቀራል፤ በቀረበት ቀን የተሰጠውን ትምህርት ስለማያውቀው በሚቀጥለው ቀን መምህሩ የሚናገረው ሁሉ እንግዳ ይሆንበታል፤ በመጨረሻም ከባልንጀሮቹ ፊት ማፈርን ፈርቶ በገዛ ፈቃዱ ይተወዋል። ወላጁም ልጄ ትምህርት አልገባ አለው ይላል። ትምህርቱ ያልገባው ግን በአእምሮው ድካም ሳይሆን በመቅረቱ ብዛት ነው።

ወላጅን በዐዋጅ ማስገደድ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ባስነገሩት ዐዋጅ፥ ዕድሜው ከስድስት ዓመት ያለፈ ልጅ ወንድም ሆነ ሴት እንዲማር አዘዋል፤ ልጁን ያላስተማረ ወላጅ በሞተ ጊዜም ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን ወስነው ነበር። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ነገር ግን ለአገሩ ልጆች ሁሉ የሚበቃ ቤትና መምህር ገና ስላልነበረ፥ ዐዋጁ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። ቤቱና መምህሩ ባሉበት ስፍራ የሚጐድለው በሰዓቱ የሚደርስ ልጅ ነው፤ ለዚህም የውርስ ቅጣት መድኃኒት ሊሆነው አይችልም።

ጭሮ በጽሑፍ ደንብ ለመተዳደር ከቀደሙት ከተሞች አንዷ ናት። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ፥ የግዛቱ ሥራ በልማድ መካሄዱ ቀርቶ በተጻፈ ሥርዓት እንዲሆን ብዙ ደክመዋል፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ ላለው አገር በየቤቱ ጥቂት ደንብ ይኑር ቢባል እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም።

ከቤት ደንቦች ሁሉ የሚቀድመው የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ዕድሜው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለሆነ ልጅ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ሊቃውንት ይመክራሉ። ይህንን በአገር ሰዓት ቈጥሮ ማየት ነው። ትምህርት ከጧቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ቢሆን፥ ልጁ መታጠቢያና መብያ፥ መንገዱንም መሄጃ ጊዜ እንዲያገኝ በ12 ሰዓት መነሣት አለበት። በ12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት እንዲተኛ ማታ ከ3 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከትልልቆቹ ጋር ሲያመሽ ቈይቶ በ4 ሰዓት የተኛና ለጫት ለቀማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተቀሰቀሰ ልጅ ግን የተኛው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ልጅ ከክፍል ቢገኝም እንኳ በመቀመጫው ላይ ያንቀላፋል፤ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፥ እርሱም ሰነፍ መሆኑን ያምናል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከቀትር በኋላ የሚገባ ልጅም ቢሆን፥ ጧቱን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ደክሞ የሚሄድ ከሆነ ልዩነት የለውም።

ልጅ ወላጁን መርዳቱ የሚነቀፍ አይደለም። በእርሻና በከብት ጥበቃ ያደገ ልጅ ብዙ ዕውቀት ያገኛል፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራ የማይነካ ልጅ ማሳደግም ለጨርጨር ገበሬ የሚሆን ምክር አይደለም። ነገር ግን ርዳታ ወሰን አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ጕልበቱን ከሚበዘብዝና ትምህርቱን፥ ጤናውንና ደኅንነቱን ከሚጐዳ ሥራ እንዲጠበቅ ደንግጓል። በአባቱ ጓሮ የሚለቅም ልጅ ተቀጣሪ አይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ጫት ለመልቀም በቀን ዋጋ የሚወሰደው ሕፃን ምን እንደሚባል ለሕግ ዐዋቂዎች የተሰወረ አይደለም። ለወላጆች የሚበጀው ደንብ ቀላል ነው፤ የትምህርት ቀን ጧት የልጁ ይሁን፥ ቅዳሜና የዕረፍት ወራት የቤቱ ይሁኑ። ሰው ያነሰው ቤት ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ አዋቂዎቹ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን እየለቀሙ ሊረዳዱ ይችላሉ፤ በእርሻና በአጨዳ ደቦ የለመደ ሕዝብ በለቀማ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

በሴቶች ልጆች ላይ ያለው ሸክም ሌላ ነው። ወንድሟ ወደ ጫቱ ሲሄድ እርሷ ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ቧንቧ ትወርዳለች፤ በወረፋ ላይ የጠፋው ሰዓትም የመጀመሪያው ትምህርት ሰዓት ነው። የጧት ውሃ በዋዜማው ማታ ቢቀዳና ወንዶች ልጆችም ተራ ቢገቡ ይህ ችግር በእጅጉ ይቀላል። ውሃ መቅዳት የሴት ነው የሚለው ልማድ በዚህ መንገድ ስንት ልጃገረድ ከትምህርት እንዳስቀረ አባቶች ሊያስቡበት ይገባል። ዕድሜያቸው ለአቅመ ሔዋን የቀረበ ልጆች ደግሞ በየወሩ ጥቂት ቀን እየቀሩ ኋላ ጨርሰው የሚተዉት ጊዜ አለ፤ ስለዚህም እናቶች ሳያፍሩ አስቀድመው ሊያስረዱአቸውና የሚያስፈልጋቸውን ንጹሕ ጨርቅ ሊያዘጋጁላቸው፥ ትምህርት ቤቱም በር ያለው መጸዳጃና ውሃ ሊያሰናዳላቸው ይገባል።

ስለ ምግብ ብዙ መናገር አያሻም። የማሽላ እንጀራም ሆነ ቂጣ፥ ከአንድ ስኒ ሆጃ ጋር ቢሆን እንኳ፥ ልጁ አንዳች ነገር ሳይቀምስ ከቤት መውጣት የለበትም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በሰፊው መሰጠቱ፥ የተራበ ልጅ መማር እንደማይችል መንግሥት ራሱ መመስከሩ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የካህናት ቃል ከማናቸውም ደንብ ይልቅ ይሰማል። በዐቢይ ጾም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ሕፃን እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ በክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያደርጉ ደጋግ ወላጆች አሉ። ጾሙን በዕድሜውና በዐቅሙ ልክ መመጠን የንስሐ አባት ሥልጣን ስለ ሆነ፥ ካህናት ለእንዲህ ያለው ቤት ምክራቸውን ሳይጠየቁ ቢሰጡ መልካም ነው። በእስልምናም ዘንድ የረመዳን ጾም ግዴታ የሚሆነው ለአካለ መጠን በደረሰው ላይ ነው፤ ሼሆቹ ይህንኑ ለወላጆች ቢያስታውሱ ተመሳሳይ ጥቅም ይገኛል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ። በ12 ሚካኤል፥ በ19 ገብርኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ እየተባለ፥ ከዓመቱ ታላላቅ በዓላት ሌላ በየወሩ ልጅ ከትምህርት የሚቀርበት ቤት ይገኛል። በበዓል ቀን እርሻ ማረስና እንጨት መፍለጥ ይከለከላል እንጂ ፊደል መቍጠር የተከለከለበት ዘመን የለም፤ የአብነት ተማሪም በበዓል ቀን ማሕሌት ቆሞ ዜማውን ይማራል። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ በሰዓቱ ከትምህርት ቤት እንዲደርስ ቢደረግ በዓሉ አይሻርም።

ፊትንና እጅን መታጠብ፥ ጥፍርን መቍረጥ፥ ልብስን ማጠብ፥ ደብተርና እርሳስን በማታ ማሰናዳት፥ መጽሐፍን በጋዜጣ ወረቀት መሸፈን የሁሉም እናት የምታውቀው ነው። መንገዱ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚወስደው የአስፋልት መንገድ በሚኤሶ፥ በጭሮና በሂርና በኩል ያልፋል፤ ጫት የጫነ መኪና ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ እንዴት እንደሚበር የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ትንንሾቹ ብቻቸውን እንዳይሻገሩ፥ የአንድ ሰፈር ልጆች ከትልቅ ልጅ ጋር አብረው እንዲሄዱ፥ በመንገዱም ግራ ዳር መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ እንዲጓዙ ማስለመድ ይገባል።

በሚኤሶና በአካባቢው ቈላ ያለው ችግር ከደጋው ይለያል። ዝናብ በጐደለ ጊዜ ከብት አርቢው ሣርና ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፥ ልጁም ከከብቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ ስለ ሰዓት መናገር ዋጋ የለውም። የሚሻለው ልጁን በከተማ ከሚኖር ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ነው፤ ነገር ግን ለትምህርት ተብሎ የመጣ ልጅ በዘመዱ ቤት እረኛና ተላላኪ ሆኖ እንዳይቀር፥ አባቱ በሽማግሌ ፊት ቃል ማስገባትና እየመጣ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ሰዓት የማታው ሰዓት ነው። በነዚህ ከተሞች ከቀትር በኋላ የበርጫ ጊዜ ነው፤ አባት ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ይጫወታል፥ ጨዋታውም እስከ ምሽት ሊዘልቅ ይችላል። ከትምህርት ቤት የመጣው ልጅ በዚያ ሰዓት ውሃ አቅራቢ፥ ከሰል አያያዥና ወደ ሱቅ ተላላኪ ይሆናል። ለጥናቱ የሚሆን ጥግ አያገኝም፤ ቢያገኝም የሚሰማው የትልልቆቹን ወሬ ነው። ዛሬ ደግሞ በዚህ ላይ የእጅ ስልክ ተጨምሮበታል፤ ልጁ ዝም እንዲል ብቻ የሚሰጠው ስልክ ዝምታውን ያመጣል፥ ጥናቱንና እንቅልፉን ግን ይወስዳል። የዘመናት ልማድ የሆነውን በርጫ በአንድ ቀን ተው ማለት ከንቱ ድካም ይሆናል። ነገር ግን ልጁ በዚያ ክፍል እንዳይቀመጥ፥ እንዳይላክም፥ ማታም እራት ከተበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አባት ወይም እናት ከልጃቸው ጋር እንዲቀመጡ መጠየቅ ብዙ አይደለም።

ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ፥ እኛ ያልተማርን ነን፥ ምን ልናሳየው እንችላለን ይላሉ። የተማሩትም ቢሆኑ ሌላ ችግር አለባቸው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በኦሮምኛ ነው፥ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። አያት በልጅነቱ በቁርአን ቤት በሎሕ ላይ ዐረብኛ ቈጥሮ ይሆናል፤ አባት ወይም እናት በአማርኛ ተምረው ይሆናል፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዐሥራ አምስቱ ቋንቋዎች በአንዱ በኦሮምኛ የተማሩት ሰዎችም እንኳ የተማሩት በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዐይነት ፊደል አለ፥ የልጁን ደብተር ግን የሚያነብለት ሰው ላይገኝ ይችላል።

ነገር ግን ለመጠየቅ ፊደል ማወቅ ግዴታ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያውቁ ሁሉ እንደሚመሰክሩት፥ የቃል ትምህርት በማታ በጨለማ ያለ መጽሐፍ የሚጠና ነው፤ ልጁ ይላል፥ ሌላው ይሰማል፥ የተሰናከለበትን ደግሞ ይለዋል። በቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው። ያልተማረች እናት ልጇን፥ ዛሬ ምን ተማርክ፥ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ ብትለው፥ ንባቡ የሚፈስና የሚደናቀፍ መሆኑን በጆሮዋ ትለየዋለች። የሚደናቀፍበትን ቦታ ደግሞ እንዲያነበው ታዘዋለች። ቍጥሩንም በገበያ ሒሳብ ልትፈትነው ትችላለች፤ ሁለት እስር ጫት ይህን ያህል ቢሸጥ አምስቱ ስንት ይሆናል ስትለው፥ ከማንም መምህር ይልቅ እርሷ ፈጥና ታርመዋለች። ደብተሩንም ብትገልጥ፥ ቀይ ቀለም መኖሩንና ገጹ ባዶ መሆኑን ለማየት ፊደል አያሻትም።

ዱላን በሚመለከት ግን አንዳንድ ወላጆች ከቀድሞው አሳብ ገና አልተላቀቁም። ጥንት ወላጅ ልጁን ለመምህሩ ሲሰጥ እንደ ወደዱ ይቅጡት ብሎ አደራ ይል ነበር። ዛሬ ይህን ማለት አይገባም፤ ከላይ የተጠቀሰው 36ኛው አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ቢገረፍ በማግሥቱ ሲዘገይ ጨርሶ ይቀራል እንጂ ማልዶ አይመጣም። መምህሩ ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነውን ወላጅ አስጠርቶ ቢያነጋግር ይሻላል።

ስለ መጥራትም የሚታረም ነገር አለ። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ ወይም ልጁ ባጠፋ ጊዜ ብቻ ከሆነ፥ ጥሪው የገንዘብ ወይም የክስ ጥሪ መስሎት መሸሹ አይቀርም። የወላጅና መምህር ኅብረት የተቋቋመው ለዚህ ብቻ አይደለም። ስብሰባውም በገበያ ቀን ጧት ከሆነ የሚመጣ የለም፤ ከቀትር በኋላም ቢሆን የዓርብ ስግደት ሰዓትን መጠበቅ ያስፈልጋል። የአገሩን ሰዓት ሳያውቁ ሕዝብ አልመጣም ብሎ በሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው፤ ለሥራው ግን አይጠቅምም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ሬዲዮና መብራት ወደሌለበት ቤት ሊገባ አልቻለም፤ በ2013 ዓ.ም. ደወሉ እንደ ገና በተደወለ ጊዜም ሁሉም ልጅ አልተመለሰም። ለብዙ ወር የቀረውን መመለስ ለሁለት ቀን የቀረውን ከመመለስ እጅግ እንደሚከብድ ያን ጊዜ ታይቷል። ስለዚህ በጭሮና በሌሎቹ ከተሞች ያሉ ርእሳነ መምህራን ልጁ በቀረ በሁለተኛው ቀን፥ ወር እስኪሞላ ሳይጠብቁ፥ ወደ ቤቱ ሰው እንዲልኩ ቢታዘዙ፤ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንትም ሕፃናትን በቀን ዋጋ የሚያስለቅመውን የጫት ነጋዴ ወላጁን ከመጠየቃቸው በፊት ቢጠይቁት፤ ካህናትና ሼሆችም መስከረም ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ በሚሰናዱበት በነሐሴና በጳጉሜን፥ ከቅዳሴና ከስግደት በኋላ ስለ እንቅልፍ ሰዓትና ስለ ጧት ለቀማ ለምእመናኖቻቸው ቢናገሩ፥ በመስከረም የሚሞላው መዝገብ በኅዳርና በጥር ከሚቈጠረው የተማሪ ቍጥር ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ በሚቀጥለው ዓመት ሊመረመር ይችላል።